ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ታክስ

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ታክስ ለመስማት ወዶ የሚመጣ ሰው ብዙም አይገኝም፤ ስለዚህ ገና ሳልጀምር አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ላስቀድም። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። ነገሩ ብዙ አገር ስለሚያዞረን እንዳንምታታ ብዬ ነው።

በጥያቄ ልጀምር። ባለፈው ወር ከደመወዛችሁ ስንት ግብር እንደተቆረጠ በትክክል የምታውቁ እጅ አውጡ። ሦስት ሰው። አንዷ የሒሳብ ባለሙያ ናት፣ አውቃታለሁ፣ እሷ አትቆጠርም። እሺ፣ በቅርቡ የገዛችሁት ሳሙና ላይ ስንት ታክስ ነበረበት? ማንም የለም። የቤንዚን ዋጋስ? ይኸው፣ አዳራሹ በሙሉ! መኪና የሌላችሁ ሁሉ እጃችሁን አወጣችሁ።

የዛሬው ወሬዬ መነሻ ይኸው ነው። ከቤንዚን በስተቀር ዋጋው ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ፣ ክንድ በሚያህል ቁጥር ተጽፎ፣ ከሚሮጥ መኪና ውስጥ የሚነበብ ዕቃ የለም። ሌሊት እንኳ መብራት ይበራለታል። የነዳጅ ታክስ ከታክሶች ሁሉ የከፋ ነው ብዬ አላምንም። ከታክሶች ሁሉ የሚታየው ግን እሱ ነው። ስለዚህ ሰው በቤት ኪራይ ሲማረር፣ በደመወዙ ሲማረር፣ በሹማምንቱ ሲማረር ንዴቱን የሚያራግፍበት ቦታ ሲፈልግ ምሰሶው እዚያ ቆሟል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ። ግን ቆይቼ እንደምነግራችሁ አንዳንዴ ዳውላው ላይ ያረፈው ዱላ አህያው የሚገባው ዱላ ነው።

ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጅ አለኝ። ታንከሩን ሞልቶ አያውቅም። የሚቀዳው በሊትር አይደለም፣ በያዘው ገንዘብ ልክ ነው። ጠዋት ትንሽ፣ ከሰዓት ሠርቶ ሲመለስ ደግሞ ትንሽ። አንድ ቀን አብሬው ማደያ ገባሁ። ቀጂው ቱቦውን ሰካ። ሁለቱ የፓምፑ መስኮቶች ተነሱ፤ አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ሊትሩን ይቆጥራል። ገንዘቡ ይሮጣል፣ ሊትሩ ያዘግማል። ሊደርስ ሲል ቀጂው እጁን አላላና ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያደረገ የተባለው ቁጥር ላይ አቆመው። ወዳጄ አንዴም ወደ ፓምፑ አላየም። ዓይኑ ዳሽቦርዱ ላይ ነበር። ሞተሩን ሲያስነሳ የነዳጅ ቀስቷ ተነሳችና ቆመች። «አየሃት? ባለፈው ወር በዚሁ ገንዘብ እዚህ ድረስ ትመጣ ነበር» አለኝ። ቦታውን በጥፍሩ መስታወቱ ላይ አሳየኝ። በቀስቷና በጥፍሩ መሃል የጣት ውፍረት የምታህል ክፍተት አለች።

ስለ ነዳጅ ታክስ የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያቺን ክፍተት አያዩአትም። አንዱ ወገን ስለ በጀት ያወራል፣ ሌላው ስለ አየር ንብረት፣ ሦስተኛው ስለ ሌብነት። ሁሉም እውነት አላቸው። ሹፌሩ ግን የሚያየው ቀስቷን ነው።

አሁን አንድ ሊትር ቤንዚን ከፍተን ውስጡን እንይ። መጀመሪያ ድፍድፉ አለ። ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል ነው የሚሸጠው፤ አንድ በርሜል 159 ሊትር ገደማ ነው። ዓለም በቀን 100 ሚሊዮን በርሜል ያህል ትጠጣለች። ከድፍድፉ ቀጥሎ ማጣሪያው አለ፣ ከዚያ መርከቡ፣ ቧንቧው፣ ዲፖው፣ ቦቴው። መጨረሻ ላይ ማደያው። ከዚያ ታክሱ። ባለማደያው ምሰሶው ሥር ስለሚቆም ስድቡን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው። ብዙ ቦታ ግን ከሊትሩ ላይ ትንሿን ድርሻ የሚያገኘው እሱ ነው።

የድፍድፉ ዋጋ ደግሞ እብድ ነው። በ2008 ሐምሌ አንድ በርሜል ወደ 147 ዶላር ደረሰ። በ2020 ኤፕሪል 20 ቀን፣ ኮሮና ዓለምን ቤት በዘጋበት ሰሞን፣ የአሜሪካው ድፍድፍ የውል ዋጋ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ሆኖ ዋለ። ከዜሮ በታች! ማስቀመጫ ቦታ ጠፍቶ ሻጩ ገዢውን «እባክህ ውሰድልኝ» ብሎ ከፈለው ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሩሲያ ዩክሬንን ወረረችና ዋጋው ከ120 ዶላር አለፈ። ይህን የትኛውም የገንዘብ ሚኒስትር አያዝዘውም።

ሚኒስትሩ የሚያዝዘው ታክሱን ነው። የአገሮች ልዩነትም የሚመጣው በብዛት ከዚያ ነው። ኖርዌይ ከራሷ ባሕር ሥር ነዳጅ ታወጣለች፤ ዜጎቿ ግን ማደያ ላይ ከዓለም ውድ ከሚባሉት ዋጋዎች አንዱን ይከፍላሉ። ቬንዝዌላም ነዳጅ ታወጣለች፤ እዚያ ደግሞ ቤንዚን ለረጅም ዓመታት ከነፃ የማይለይ ነበር። ሁለቱም ነዳጅ አላቸው። ልዩነቱ መንግሥት ሊትሩ ላይ ገንዘብ ይቀበላል ወይስ ከራሱ ይጨምርበታል የሚለው ነው። ድጎማ ማለት ወደ ኋላ የሚሄድ ታክስ ነው፤ ለዚህ ነው ሁለቱን አንድ ላይ የማወራላችሁ።

የታክሱ ዓይነት ከመጠኑ እኩል ያሳስባል። ይህን ጋዜጣ ላይ ብዙም አታገኙትም፤ ትንሽ ታገሡኝ። አንድ ሊትር ያለ ታክስ 100 ነው እንበል። አንዱ አገር «በሊትር 50 ቁርጥ» ይላል። ሌላው «ከዋጋው ግማሽ» ይላል። ዛሬ ሁለቱም ጋ 150 ነው፤ ምንም ልዩነት የለም። ነገ ጦርነት ይነሳና 100 የነበረው 200 ይሆናል። ቁርጥ ታክስ ያለበት አገር 250 ይደርሳል። በመቶኛ የሚያስከፍለው 300። ልብ በሉ፣ ሁለተኛው መንግሥት ምንም አዋጅ ሳያወጣ፣ ምንም ሳያስወስን፣ የሕዝቡ ችግር ገቢውን እጥፍ አደረገለት። ሰው «በኛ ስቃይ አተረፉ» ሲል ሁልጊዜ ሐሜት አይደለም።

ብዙ አገር ሁለቱንም ደርቦ ይጠቀማል። እንግሊዝ ከ2022 መጋቢት በኋላ የነበረውን ውሰዱ፤ በሊትር 52.95 ፔንስ ቁርጥ ቀረጥ አለ፣ በዚያ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። ተጨማሪ እሴት ታክሱ የሚሰላው ግን በነዳጁ ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ በቀረጡም ላይ ነው። ስለዚህ በቀረጡ ላይ ብቻ ከ10 ፔንስ ተኩል የሚበልጥ የታክስ ታክስ ይከፈላል። የታክስ ባለሙያዎች ይህን በእርጋታ ያስረዱሃል። እኔም አስረድቼ አውቃለሁ። ሰሚው ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ፊት ነው የሚያሳየው።

ዋጋ ሲጨምርና ሲቀንስ የማይመሳሰልበትም ምክንያት አለ። ሮበርት ቤከን የሚባል የምጣኔ ሀብት ሰው በ1991 የእንግሊዝን የቤንዚን ገበያ አጥንቶ ለነገሩ ስም አወጣለት፤ «ሮኬትና ላባ»። ድፍድፉ ሲወደድ የማደያው ዋጋ እንደ ሮኬት ይወነጨፋል። ድፍድፉ ሲረክስ እንደ ላባ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ከሱ በኋላ በብዙ አገር ተጠንቷል፣ ሁሉም ቦታ በእኩል ባይሆንም ተገኝቷል። ነጋዴው «በውድ የገዛሁት አላለቀም» ይላል። ዋጋ ሲጨምር «በርካሽ የገዛሁት አላለቀም» ብሎ የሚያውቅ ነጋዴ ያጋጠማችሁ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ አስተዋውቁኝ።

ላባውን ግን ነጋዴው ብቻ አይደለም የሚይዘው። በ2014 መጨረሻ የድፍድፍ ዋጋ ሲወድቅ የሕንድ መንግሥት ከኅዳር 2014 እስከ ጥር 2016 ባለው ጊዜ የነዳጅ ኤክሳይስ ታክሱን 9 ጊዜ ከፍ አደረገ። ምሰሶው ላይ ያለው ቁጥር መውረድ የሚገባውን ያህል አልወረደም፤ ልዩነቱ ወደ መንግሥት ካዝና ገባ። በበጀት ዓይን ካየነው ብልህ ሥራ ነው። ታክስ ለመጨመር ዋጋ ሲወርድ የተሻለ ጊዜ የለም፤ ማንም አይጮህም። እኔም ገንዘብ ሚኒስትር ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው። ችግሩ የሚመጣው ድፍድፉ ተመልሶ ሲወደድ ነው። ያኔ ሕዝቡ «ሲረክስ አልቀነሳችሁልንም፣ ሲወደድ ለምን ትጨምሩብናላችሁ?» ይላል። መልስ ያለው ሚኒስትር እስካሁን አላየሁም።

እሺ፣ ማን ነው የሚጎዳው? እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን ድሃውን ጎትቶ ያመጣል። «ታክሱ ድሃውን ይገድላል» ይላል አንዱ። «ድጎማው የሀብታም ነው» ይላል ሌላው። ሁለተኛው ከሚመስለው በላይ እውነት አለው። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ባለሙያዎች በብዙ ታዳጊ አገሮች ባደረጉት ጥናት፣ ከነዳጅ ድጎማ ከላይ ያለው አንድ አምስተኛ ሕዝብ ከታች ካለው አንድ አምስተኛ 6 እጥፍ የሚሆን ጥቅም ያገኛል። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ጥናትም አያስፈልግም። ሦስት መኪና ያለው ሰው ሦስት ታንከር ድጎማ ይቀዳል። በእግሩ የሚሄደው ምንም አይቀዳም።

በእግሩ የሚሄደው ግን ከነገሩ ውጭ ነው ማለት አይደለም። ናፍጣ ሲወደድ የጭነት መኪናው ይወደዳል፣ ጭነቱ ይወደዳል፣ ታሪፉ ይወደዳል። ቤንዚንና ናፍጣን በአንድ ቃል «ነዳጅ» ብሎ መከራከር ለዚህ ነው የሚያስቸግረው። ቤንዚኑ በብዛት የቤት መኪና ነው፣ ናፍጣው የጭነቱና የአውቶቡሱ። ነጭ ጋዝ ደግሞ ኩራዝ የሚያበራው ሰው ነው። «ነጭ ጋዙን ለድሃ እናርክስ፣ ናፍጣውን እንቅረጥ» ስትሉ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ሌሊት አንድ ግቢ ውስጥ ቦቴ ይቆማል፣ ጠዋት ናፍጣው በዝቷል። ኬንያ በ2018 ነጭ ጋዝ ላይ በሊትር 18 ሽልንግ የፀረ ቅየጣ ክፍያ ጣለች። ቅየጣው እንዲቀር ኩራዙ ተቀጣ። ድንበር አካባቢም እንዲሁ ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ድጎማ እያለ ቤንዚኑ በጀሪካን፣ በሞተር ሳይክል ወደ ቤኒን ይሻገር ነበር። መንገድ ዳር በጠርሙስ ተደርድሮ ይሸጣል። የናይጄሪያ ግብር ከፋይ የጎረቤቱን ሞተር ሳይክል ይደጉም ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ድጎማው ይነሳ፣ ታክሱም ይኑር ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ይህን አልደብቃችሁም። መንገዱን የሚያበላሽ፣ አየሩን የሚያጨስ፣ ከተማውን የሚያጨናንቅ ሰው ለዚያ ቢከፍል ተገቢ ነው። አርተር ፒጉ የተባለው እንግሊዛዊ ሐሳቡን ከመቶ ዓመት በፊት ጽፎታል፤ ሌላውን የሚጎዳ ሥራ ላይ የጉዳቱን ያህል ክፈሉ ነው ባጭሩ። ስሌቱ ላይ አልከራከርም። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ስሌቱ ትክክል ሆኖ መንገድ ላይ ጎማ የሚቃጠለው ለምንድን ነው የሚለው ነው።

ሁለት ታሪክ ላውራላችሁ። ሁለቱም የአንድ አገር ናቸው።

ኢራን፣ 2010። ነዳጅ እዚያ እጅግ ርካሽ ነበር፤ መንግሥት ድጎማውን ሊያነሳ ወሰነ። በቅድሚያ ያደረገው ሰዉ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት ማድረግ ነው። ከዚያ ለያንዳንዱ ሰው በወር 455 ሺህ ሪያል ሒሳቡ ውስጥ አስገባ። ገንዘቡ ገብቷል፣ ሒሳቡ ላይ ይታያል፣ ግን አይወጣም፤ ተቆልፏል። ሰዉ ገንዘቡን እያየ ቆየ። ታኅሣሥ ላይ የነዳጁ ዋጋ ከፍ አለ፤ ለየመኪናው በርካሽ የሚመደበው የኮታው ቤንዚን ሊትሩ ከ1,000 ወደ 4,000 ሪያል ወጣ፣ 4 እጥፍ። በዚያው ጊዜ ቁልፉ ተከፈተ። 4 እጥፍ ጨምሮ አገሩ በእርጋታ አደረ። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» የሚባለውን የቴህራን ቢሮክራት ሰምቶት አይመስለኝም፤ ግን ገብቶታል። መጀመሪያ አዘላት፣ ከዚያ መንገድ ጀመረ።

ኢራን፣ 2019። ያው አገር። በኅዳር አንድ ሌሊት፣ ሰዉ ተኝቶ ሳለ፣ ዋጋው ተነሳ። በወር እስከ 60 ሊትር የኮታው 50 በመቶ ጨመረ፣ ከዚያ በላይ የሚቀዳው 3 እጥፍ ሆነ። መንግሥት «ገንዘቡን ለድሆች እናከፋፍላለን» አለ፤ ከዚያ በኋላ ማለት ነው። የ2010ሩ 455 ሺህ ሪያል በግሽበት ተበልቶ ከስም በቀር ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሰዉ ያንን አይቷል። በማግስቱ ከተሞቹ ነደዱ። ኢንተርኔት ለአንድ ሳምንት ያህል ተዘጋ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ።

በመቶኛ ካሰባችሁት የ2010ሩ ጭማሪ ይበልጣል። ብጥብጡ የመጣው በአነስተኛው ነው። ዋጋው ብቻ ቢሆን ኖሮ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት።

ናይጄሪያም እንዲሁ አስተምራናለች። 2012 ጥር 1 ቀን፣ ሰዉ ለበዓል አገር ቤት ሄዶ ሳለ ድጎማው ተነሳ። 65 ናይራ የነበረው ሊትር በአንድ ቀን ከ140 በላይ ሆነ። ወደ ሥራ መመለሻ የአውቶቡስ ዋጋ እንኳ ያጣ ብዙ ነበር። አገር አቀፍ አድማ ሆነ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መንግሥት ወደ 97 ናይራ ዝቅ አደረገው። ቆይቶ የፓርላማ ምርመራ ቡድን ከድጎማው 6.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል በማጭበርበር እንደጠፋ ዘገበ። መንግሥት «ድጎማው አገር እየበላ ነው» ሲል ልክ ነበር ማለት ነው። ግን የበላው ማን እንደሆነ ሳይናገር ሒሳቡን ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ላከ። ዱላው ለአህያው ይገባ ነበር ያልኳችሁ እዚህ ነው።

ፈረንሳይን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የቢጫ ሰደርያ ለባሾቹ ተቃውሞ። የአገሩ ሕግ ማንኛውም መኪና ውስጥ ያንን ሰደርያ እንዲኖር ያስገድዳል፤ ስለዚህ በ2018 ኅዳር 17 ቀን ዩኒፎርም ለማሰፋት ማንም አልተቸገረም። ከ280 ሺህ በላይ ሰው አደባባዮችንና መንገዶችን ዘጋ። ለጥር ታቅዶ የነበረው የነዳጅ ታክስ ጭማሪ በሊትር ናፍጣ 6.5 የዩሮ ሳንቲም፣ በሊትር ቤንዚን 2.9 ሳንቲም ነው። ይህችን አይተው ብዙ ተንታኞች «ለዚህ ነው እንዴ?» አሉ። ያው መንግሥት ግን በዚያው ዓመት የሀብት ግብሩን አብዛኛውን አንስቶ ነበር። የገጠሩ ሰው አውቶቡስ የለውም፣ ሥራው 40 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፣ ለዓመታት መንግሥት ራሱ ናፍጣ መኪና ግዛ ሲለው ኖሯል። ሰልፈኞቹ አንድ አባባል ነበራቸው፤ እነሱ ስለ ዓለም መጨረሻ ያወራሉ፣ እኛ ስለ ወር መጨረሻ። የአየር ንብረት ክርክር ላይ ከሰማኋቸው ሁሉ ቁጥብና የሚያም አነጋገር ይህ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጭማሪው ተሰረዘ።

ኢኳዶር በ2019 ጥቅምት፣ ካዛክስታን በ2022 ጥር፣ ታሪኩ ይደጋገማል፤ አልፈዋለሁ። ኢኳዶር መንግሥቱ ዋና ከተማውን ለቆ ወደ ወደብ ከተማ እስኪሸሽ ድረስ መድረሱን ብቻ ልብ በሉ።

ጋና ግን ቆም ብሎ የሚታይ ነው። በ2005 የካቲት የነዳጅ ዋጋ 50 በመቶ ያህል ጨመረ። ከዚያ በፊት መንግሥት ከድጎማው ማን እንደሚጠቀም አስጠንቶ ውጤቱን ለሕዝብ አሳወቀ። ሚኒስትሩ ሬዲዮ ላይ ወጣ፣ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ተከራከረ። ጭማሪው ሲመጣ የመንግሥት የመጀመሪያና መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍያ ቀረ። ተቃውሞ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ነበር። ግን አንዲት እናት ከልጇ ትምህርት ቤት ስትመለስ ክፍያ አለመጠየቋን በእጇ ይዛ ነው የማደያውን ምሰሶ የምታየው።

«ለመንገድ ነው» ተብሎ ታክሱ ለሌላ ሲውል ደግሞ ሰው አይረሳም። እንግሊዝ ቤንዚን ላይ ቀረጥ የጣለችው በ1909 ነው፤ ገንዘቡ ለመንገድ ማሻሻያ ነው ተባለ። ሹፌሮች ተስማሙ። በ1926 የገንዘብ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ነበር፤ ከመንገድ ፈንዱ ገንዘብ ወደ ጠቅላላ በጀት መውሰድ ጀመረ። ስለ ቸርችል ሲወራ ጦርነቱ ብቻ ነው የሚነሳው፤ የእንግሊዝ ሹፌሮች ማኅበራት ግን ይህችንም አይረሱለትም። በ1993 እዚያው አገር ቀረጡ በየዓመቱ ከግሽበቱ በላይ 3 በመቶ እንዲጨምር ተወሰነ። 5 ሆነ፣ 6 ሆነ። ለጥቂት ዓመታት ዝም ብሎ ሄደ። በ2000 መስከረም ድፍድፉ ሲወደድ ገበሬዎችና የጭነት ሹፌሮች የማጣሪያዎቹን በር ዘጉ፣ በቀናት ውስጥ ብዙ ማደያ ደረቀ። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ቀረጡ ለረጅም ዓመታት አንድም ጊዜ ከፍ ሳይል ቀረ። ሚኒስትሮቹ ተፈራርቀዋል፤ የበሩ ትዝታ ግን አልተቀየረም።

እኔ ብጠየቅ እንዲህ ነው የምለው። ታክሱ ቁርጥ ይሁን፣ በመቶኛ አይሁን። ጭማሪው ትንንሽ ሆኖ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቅ። እኩለ ሌሊት ላይ፣ በበዓል ማግስት፣ በፍጹም። ድፍድፉ ሲረክስ ታክስ መጨመር ከተፈለገ ይጨመር፣ ግን «ጨምረናል» ተብሎ ይነገር። ገንዘቡ ከሚመለስ ደግሞ ዋጋው ከመጨመሩ በፊት ይግባ። ይህን ሁሉ አድርጎም የሚነቅፍ ይኖራል። ቢያንስ የሚነቅፈው ታክሱን ነው የሚሆነው።

ጥያቄዎች ነበሩ፤ ሁለቱን እዚህ አስገባቸዋለሁ።

አንድ ወጣት «ዋጋ ሲንር መንግሥት ታክሱን ለጊዜው ቢቀንስስ?» ብሎ ጠየቀ። ጀርመን በ2022 ሞክራዋለች። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ 3 ወር፣ ከቤንዚን ታክስ በሊትር ወደ 30 የዩሮ ሳንቲም፣ ከናፍጣ 14 ሳንቲም ገደማ ቀነሰች። ያው ቅናሽ ለትልቁም መኪና፣ ለትንሹም መኪና ደረሰ። በነዚያው 3 ወራት ግን ሌላም ነገር አድርጋለች፤ አገሩን ሙሉ በከተማ አውቶቡስና በክልል ባቡር የሚያስኬድ ትኬት በወር በ9 ዩሮ ሸጠች። ወጣቱን «አንተ ብትሆን የትኛውን ትመርጣለህ?» አልኩት። «መኪና አለኝ ወይስ የለኝም?» አለኝ። በጣም ጥሩ መልስ ነው። ጊዜያዊ ቅናሽ ሌላም ጠንቅ አለው። ሲነሳ ጭማሪ ይመስላል፤ ስለዚህ የሚያነሳው ሰው አይገኝም። እንግሊዝ በ2022 «ለጊዜው» ብላ የቀነሰችው 5 ፔንስ በየዓመቱ ሲራዘም ነው የኖረው።

አንዲት እናት ከኋላ ወንበር ተነስተው «ልጄ፣ መኪናው ሁሉ በኤሌክትሪክ ሲሆንስ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ የት ይገባል?» አሉኝ። እማማ፣ እሱ ጀምሯል። ኖርዌይ ውስጥ በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ የቤት መኪኖች 89 በመቶ ያህሉ የኤሌክትሪክ ናቸው። መኪናው ማደያ ካልገባ ታክሱም አይገባም፤ መንገዱ ግን ያው ይቆፈራል። ስለዚህ በኪሎ ሜትር ማስከፈል እየመጣ ነው። አይስላንድ በ2024 ጥር ጀመረች፣ ኒውዚላንድ በዚያው ዓመት ሚያዝያ የኤሌክትሪክ መኪኖችን አስገባች፤ የናፍጣ መኪኖቿን በኪሎ ሜትር ማስከፈል ከጀመረች ግን አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

አንድ አሜሪካዊ ግዛት አለ፣ ኦሪገን። በ1919 በአሜሪካ ቤንዚን ላይ ታክስ የጣለው የመጀመሪያው ግዛት ነው፤ በጋሎን 1 ሳንቲም። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ሌሎቹም ተከተሉት። የፌዴራሉ ታክስ ዛሬ 18.4 ሳንቲም ነው፤ ከ1993 ጀምሮ አልተነካም፣ የሚነካው ደፋር ጠፍቶ። በ2015 ደግሞ ያው ኦሪገን በፈቃደኝነት በማይል የሚከፈልበትን ዘዴ ጀመረ። መኪናው ላይ ትንሽ መሣሪያ ይሰካል፣ የሄዳችሁትን ይቆጥራል፣ ሒሳቡ ይላካል። ብዙ ሰው ላይ ጥርጣሬ የፈጠረው ክፍያው አልነበረም። «የት እንደዋልኩ መንግሥት ሊያይ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት መሣሪያ አቀረቡላቸው፤ አንዱ ቦታ የሚያውቅ፣ ሌላው ርቀት ብቻ የሚቆጥር።

«እና ዋጋው የት ይለጠፋል?» አሉኝ እማማ።

የትም አይለጠፍም። በፖስታ ወይም በስልክ ነው የሚመጣው።

«ታዲያ ስንት እንደሆነ በምን እናውቃለን?» ብለው ተቀመጡ።